ሦስተኛዋ ፍሪጅ

ጋሽ በላቸው ፍሪጅ ሲመረምሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ ያደርጉና ጆሯቸውን ከጀርባው አስጠግተው «እስቲ ዝም በሉልኝ!» ይላሉ። ኮምቦልቻ ላይ እሳቸው ዝም በሉ ሲሉ ዝም የማይል አልነበረም። ቢራዋ አልቀዘቅዝ ያላት ባለ ቡና ቤትም፣ ሥጋው የሸተተበት ልኳንዳ ነጋዴም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ይገልጡና «ጋዟን እያስተነፈሰች ነው፤ ከታች በኩል ሁለተኛው መጋጠሚያ ላይ» ይላሉ። ሲታይ እውነትም እዚያው ነው። ወይ ጆሮ! ያን ጊዜ የነበረውን ጆሮ ነው የማወራው።

ሙያውን የለመዱት አሰብ ወደብ ላይ ነው። «አሰብን ያላየ ሰው ስለ ሙቀት አያውራኝ» ይሉ ነበር። እዚያ ማቀዝቀዣ ከቆመ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አንሶላ ውሃ እየነከረ ነው የሚያድረው አሉ። በሰማንያ ሦስቱ ግርግር ሰው ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ በባቲ በኩል ሲወጣ፣ እሳቸው የተሸከሙት የመሣሪያ ሳጥናቸውን ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አረጋሽ ይህን አንድ ቀንም አልረሱላቸውም። «የሰርግ ዕቃዬን ጥሎ ብረቱን ያዳነ ጉደኛ» ይሏቸዋል፣ ሰው ፊት ሳይቀር። ከሳጥኑ ውስጥ የጎደለ መሣሪያ አልነበረም። ወረቀት ግን የላቸውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉም ማንም ወረቀት አሳዩኝ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ሚስባህን እናቱ እትዬ ጣይባ እጁን ይዘው ወደ ሱቁ ሲያመጡት አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ሞቷል። እናቲቱ ሐርቡ መንገድ ዳር ፓፓያና ሽንኩርት ይሸጣሉ። «ጋሽ በላቸው፣ አላህ ያክብርልኝ፣ ይህን ልጅ ሰው ያድርጉልኝ» አሉ። ጋሽ በላቸው ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩትና «መስማት ትችላለህ?» ብለው ጠየቁት። ሌላ ነገር አልጠየቁትም።

እዚያው ቤት አደገ። እትዬ አረጋሽ ለእሱ ብቻ የሚሆን ድስት ገዙ፤ ሥጋውም ከሙስሊም ልኳንዳ ነበር የሚመጣለት። ዓርብ ወደ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ በላቸው ራሳቸው «አንተ፣ ሶላትህ!» ብለው ከሱቅ ያባርሩታል። ሞተር ሲያዝ፣ ጋዝ ሲያፏጭ፣ ቱቦ ሲደፈን የሚያሰማውን ድምፅ አንድ በአንድ አስለመዱት። ከዚያ ደግሞ «እኔ ወረቀት የለኝም፤ አንተ ያዝ» ብለው ትምህርት ቤት ሰደዱት። ተማረ፣ ኮሌጅ ገባ፣ አስተማሪ ሆነ፣ በመጨረሻም ባለሙያ የሚፈትን መዛኝ ሆነ። ቤቱን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተከራይቶ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ ኮምቦልቻ ይውላል። እናቱ ሐርቡን ለቅቄ አልሄድም፣ ደሴ ብርዱ ይገድለኛል ስላሉት እዚያው ቀሩ።

ያ መመሪያ መጣ እንግዲህ፣ በሁለት ሺህ አራት መጨረሻ ላይ። ማቀዝቀዣ የሚሠራና የሚገጥም ሁሉ ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ካላቀረበ ንግድ ፈቃዱ አይታደስም ተባለ። ጋሽ በላቸው ቱግ አሉ። «እኔን? እኔን ነው የሚመዝኑኝ? ምን ነኝ፣ ጤፍ ነኝ?» ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። ነጋዴውም ተጨነቀ፤ ከአዲስ አበባ ባለ ፈቃድ ያስመጣ ሰው የሥራውን ብቻ ሳይሆን የመንገዱንም የአልጋውንም ከፍሎ፣ ጋሽ በላቸው የሚጠይቁትን ሦስት እጥፍ ያወጣል። በመጨረሻ እትዬ አረጋሽ ናቸው ነገሩን የቆረጡት። «ሱቁ ሲዘጋ ምን ልንበላ ነው? ሳጥኑን?» አሉ። ጋሽ በላቸው ሄደው ተመዘገቡ።

መዛኙ ሚስባህ ሆነ። ሌላ መዛኝ አልነበረም። ቅጹ ላይ «ከተመዛኙ ጋር ዝምድና አለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። የለኝም ብሎ ጻፈ። በሥጋማ የለውም፤ ወረቀቱ የሚያውቀው ደግሞ የሥጋውን ብቻ ነው።

የምዘናው ዕለት ጋሽ በላቸው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሳጥናቸውን አንግበው መጡ። ሚስባህ በሩ ላይ ከኋላቸው ደርሶ «ጋሼ!» አላቸው። አልዞሩም። «ጋሼ!» ደገመ። ቀጥ ብለው ገቡ። ተናደው ነው ብሎ አሰበ። ውስጥ ገብተው ፊት ለፊት ሲያዩት ግን ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ «አንተ፣ አለህ እንዴ?» ብለው ትከሻውን ያዙት። ያኔ ነገሩ ገባው። ለካ ካንድ ዓመት ወዲህ ሱቃቸው ውስጥ ሬዲዮው የሚጮኸው፣ ሰው ሲያናግራቸው አፍ አፉን የሚያዩት፣ እትዬ አረጋሽም ከጎን እየገቡ የሚመልሱላቸው በዚህ ነው! ስንት ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጥቷል፤ እንዴት አላየም?

ሦስት ፍሪጆች ተደርድረዋል፤ ሦስቱም ሆን ተብለው የተበላሹ ናቸው። አንደኛዋ ሞተሯ የተያዘ ነው። ጋሽ በላቸው መዳፋቸውን አሳረፉባት፤ መንቀጥቀጧን ዳሰሱና «ሞተሯ ተይዟል» አሉ። ልክ ነው። ሁለተኛዋ ቀጭኑ ቱቦዋ ተደፍኗል። ቱቦውን በጣታቸው ተከትለው፣ ከየት ጀምሮ እንደሚቀዘቅዝ አይተው «እዚህ ጋ ተደፍኗል» አሉ። እሱም ልክ ነው። ሚስባህ ትንፋሹ ተመለሰ።

ሦስተኛዋ ፍሪጅ ጋዝ ታፈስሳለች። መጋጠሚያዋ በጀርባ በኩል፣ ፍሳሽ የሚፈተሽበት የሳሙና አረፋ በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው የላላው። ጋዙ ያፏጫል፤ ሚስባህ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ይሰማዋል። ጋሽ በላቸው እንደ ጥንቱ ጆሯቸውን አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዝም በሉልኝ!» አሉ። አዳራሹ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም፤ ሚስባህም ቃል አልተነፈሰም። ብዙ ቆዩ። ሚስባህ የግፊት መለኪያውን ከጠረጴዛው አንሥቶ አጠገባቸው አስቀመጠላቸው፤ እሱን ቢያስሩት መርፌው ሲወርድ በዓይናቸው ያዩት ነበር። ዓይናቸውን ገልጠው አዩትና ወደ ጎን ገፉት። «ይሄን ለተማሪዎችህ!» አሉ። ቀና ብለውም «ይቺ ደህና ናት። ምንም የላትም» አሉ።

ፉጨቱ ግን አላቋረጠም።

ቅጹ መጨረሻ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ «በቅቷል» እና «ገና አልበቃም»። የሚሾልክ ጋዝ ያላገኘ ሰው፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላ፣ ገና አልበቃም ነው። ከሦስት ወር በኋላ ግን ተመልሶ መመዘን ይችላል። ሦስት ወር! ሦስት ወር ምን አላት? መለኪያውን ማስለመድ ይቻል ነበር። ደሴ ወስዶ ጆሯቸውን ማስመርመር ይቻል ነበር። ይህ ሁሉ በሚስባህ አእምሮ መጣ፤ አልመጣም አይባልም። ግን ይህን ለማለት መጀመሪያ «ጋሼ፣ አይሰሙም» ማለት አለበት። ያውም ጮክ ብሎ፣ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እየሰሙ። በየትኛው አፉ? ድስት በተገዛለት አፉ? ይሉኝታ ያዘው። እጁ «በቅቷል» ላይ ምልክት አደረገ፤ ከታችም ፈረመ።

ጋሽ በላቸው ወረቀቱን አንብበው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ግንባሩን ሳሙት። «እኔ እኮ ፈርቼ ነበር» አሉት በጆሮው። «ሰሞኑን እንደ ድሮው አልሆንልህ እያለኝ… ተወው። አንተ ካልክ ደህና ነኝ ማለት ነው።» ሚስባህ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እትዬ አረጋሽ ሰፈሩን ሁሉ ለስላሳ አጠጡ። ሚስባህ በሳምንቱ ከገዛ ኪሱ አዲስ የግፊት መለኪያ ገዝቶ «የደስ ደስ ነው» ብሎ አመጣላቸው። ልቡን ሊያሳርፍ ነው እንጂ ምን ይሆናል። ጋሽ በላቸው በጣም ደስ አላቸውና ምስማር መትተው ከወረቀቱ ጎን ሰቀሉት። እዚያው ጌጥ ሆኖ ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ በሺር የሚባል ሰው ሐርቡ ከተማ መድኃኒት ቤት ከፈተ። እትዬ ጣይባ የስኳር በሽታ ይዟቸው ጠዋትና ማታ መርፌ ይወስዳሉ። ሐርቡ ደግሞ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ መድኃኒቱ ከሞቀ ውሃ ነው የሚሆነው። ሚስባህ እስከዚያን ጊዜ ድረስ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከደሴ በበረዶ ጠቅልሎ፣ በፔርሙዝ ይዞ ነበር የሚወርድላቸው። መድኃኒት ቤቱ ሲከፈት አልሐምዱሊላህ አለ። በሺር ትልቅ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ አስመጥቶ ነበር፤ መመሪያው የሚለው ግን የሚገጥመው ባለ ፈቃድ መሆን አለበት ነው። ለሚስባህ ደወለለት።

«ከአዲስ አበባ የሚመጡት የጠሩብኝ ዋጋ ሱቁን ያዘጋኛል» አለ በሺር። «ኮምቦልቻ አንድ ሽማግሌ አሉ ይሉኛል። አንተ ታምናቸዋለህ?»

ሚስባህ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። እምቢ ቢል ለምን ይባላል። ምክንያቱን ቢናገር ፊርማውን መካድ ነው። «ወረቀታቸውን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ።

ጋሽ በላቸው ሄደው ገጠሙ። በሺርን በአዲስ አበባው ዋጋ ሲሶ አስደሰቱት። ሚስባህ ሄዶ ሥራውን ሊያይላቸው አስቦ ነበር፤ የኮሌጁን መለኪያ ሳይቀር ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ነበር። ግን ሄዶ ቢፈትሽ፣ እንደተጠራጠራቸው ያውቃሉ። በሚቀጥለው ዓርብ እሄዳለሁ አለ። ዓርቡ መጥቶ አለፈ፤ ሌላውም እንዲሁ። በኋላ በኋላ እናቱ «መድኃኒቱ ከደጄ ሆኖልኛል፣ አላህ ይስጣቸው» ሲሉት ነገሩን ጨርሶ ተወው።

ግንቦት ላይ እትዬ ጣይባ ጥማት ጀመራቸው።

«መርፌውን እየወሰድሽ ነው?» ይላል ሚስባህ በስልክ።

«ወላሂ አንድ ቀን አላስታጎልኩም፤ ቢስሚላህ ብዬ ጠዋትም ማታም። ብልቃጡንም እንዳልከኝ እንስራው ሥር ነው የማኖረው፤ ግን ውሃ አይበቃኝም ልጄ።»

«ሙቀቱ ነው፤ እናቴ። ሰውም ሁሉ ተጠምቷል» ይላቸዋል። ሙቀቱ ነው! የማቀዝቀዣ ባለሙያው እንዲህ አለ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጎረቤት ደወለ። እትዬ ጣይባ ሰው መለየት አቅቷቸው፣ ትንፋሻቸው እየረዘመ ነበር። በኮንትራት መኪና ደሴ አደረሷቸው። ሐኪሙ ሚስባህን ጠርቶ «መርፌውን ለምን አቋረጡ?» ሲል ጠየቀው። «አላቋረጡም» አለ። «ያቋረጠ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው» አለ ሐኪሙ። ሌሊቱን አላደሩም። በማግስቱ ከዙህር በኋላ ሐርቡ ተቀበሩ።

የሐኪሙ ቃል ግን ከሚስባህ ጆሮ አልወጣም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከለቅሶው ድንኳን ተነሥቶ፣ ከእናቱ ትራስጌ ያገኘውን ያልተከፈተ ብልቃጥ በኪሱ ይዞ በሺር ዘንድ ሄደ። በሺር ከጠረጴዛው ወጥቶ አቀፈው። ሚስባህ ምንም ሳይናገር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ እጁን ሰደደ። መብራቱ በርቷል። ሞተሩም ይሠራል። ውስጡ ግን ለብ ያለ ነው። የሙቀት መለኪያው ተሰብሮ ከተጣለ ሰንብቷልና በሺር መሞቁን አላወቀም። ማቀዝቀዣውን ከግድግዳው ሳብ አደረገና ጀርባውን አየ፤ ጠባቡ ቦታ ላይ፣ የሳሙና አረፋ የማይደርስበት መጋጠሚያ ሥር፣ ዘይት ወዝቶ ደርቋል። ጋዝ እየሾለከ ሲወጣ ዘይቱን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ይህንንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ፉጨት የለም። የሚያፏጭ ጋዝ አልተረፈማ!

«ምን ሆነ?» አለ በሺር ደንግጦ። «ባለ ፈቃድ ነው እኮ የሠራው። አንተው…»

«ያለውን መድኃኒት ሁሉ አውጣው» አለ ሚስባህ። «ከአንተ የገዙትን ሰዎች ዛሬውኑ ፈልገህ አስቁማቸው። ዛሬውኑ በሺር፣ በአላህ!» የእናቱን ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ጋሽ በላቸው ቦታ ይዘውለት ጠበቁት። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ከእትዬ አረጋሽ ጋር እዚያው ነበሩ። ሼሆቹ ዱዓ ሲያደርጉ ጋሽ በላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረው አሜን ይላሉ፤ ሰው ሲል አይተው ነው እንጂ ሰምተው አይደለም። ሚስባህ አጠገባቸው ተቀመጠ። እጁን ያዙት።

«እሷ እኮ እህቴ ነበረች» አሉ። «ያን ቀን እጅህን ይዛ ስትመጣ ጫማዋ ሁለት ዓይነት ነበር። ነፍሷን ይማር።»

«ጋሼ» አለ ሚስባህ በዝግታ፣ «በእኔ ነው የሞተችው።»

ጋሽ በላቸው ወደ መግቢያው፣ ወደሚገቡት ለቀስተኞች ያያሉ። አልሰሙም። መዳፋቸውን ግን ጀርባው ላይ አሳርፈው ነበርና ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ፍሪጅ መንቀጥቀጡን ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይሄ የለቅሶ አይደለም» አሉ። «የለቅሶ ይመጣል፣ ይሄዳል። ይሄ እንደ ተያዘ ሞተር ነው። ምንድን ነው ውስጥህን የያዘህ? ንገረኝ።»

«የበሺር ማቀዝቀዣ ነው» አለ።

«እ?» ብለው አፉን አዩት።

«የበሺር ማቀዝቀዣ!»

«ጮክ በል፤ ሰዉ ይንጫጫል» አሉ። ሰዉ አልተንጫጫም። ድንኳኑ ውስጥ የሙስበሃ ዶቃ ድምፅ እንኳ ይሰማ ነበር።

ሚስባህ ጮኸ። በምዘናው አዳራሽ ውስጥ ሊለው ያልደፈረውን ያን ሁሉ በእናቱ ድንኳን ውስጥ፣ በሐርቡ ሰው ሁሉ ፊት ጮኸው። «እርስዎ የገጠሙት ማቀዝቀዣ ጋዙ አልቋል! መድኃኒቷ ተበላሽቶ ነው የሞተችው! ጋዝ ሲያፏጭ አይሰሙም ጋሼ! በምዘናውም ቀን ሦስተኛዋ ፍሪጅ ስታፏጭ አልሰሙም! እኔ እየሰማሁ፣ እያወቅኩ ነው የፈረምኩልዎት!»

ዶቃው ቆመ። እትዬ አረጋሽ ከሴቶቹ በኩል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብድግ አሉ። ጋሽ በላቸው እጃቸውን ከሚስባህ ጀርባ ላይ አነሡና መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት።

«ጆሮዬን እኮ ጠርጥሬው ነበር» አሉ። «ብወድቅ ልተወው ብዬ ነው የሄድኩት። አንተ አልፈሃል ስትለኝ፣ የሱን ጆሮ አምናለሁ፣ ከእኔ ይሻላል አልኩ።» ወደ ሚስባህ ዞሩ። «ያን ቀን እንዲህ ጮኸህ ብትነግረኝ፣ ሚስባህ፣ እሰማህ ነበር እኮ።»

ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ። ሰዉ ሊሄዱ ነው ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። አልሄዱም። ወደ ድንኳኑ ጥግ፣ ውሃ ቀጂዎቹ ወዳሉበት ሄደው መሬት ላይ ተቀመጡ። የሦስተኛው ቀን ዱዓ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ድንኳን አልወጡም፤ ሚስባህ አጠገብ ግን ዳግመኛ አልተቀመጡም።